ከውጭ ሲያዩት ደህና የሆነ አፍንጫ

የልጄን አፍንጫ የሰበረው ምንም ያልጣለ አውሮፕላን ነው። የብልባላ ገበያ ቀን ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ ጥጥ እመርጣለሁ፣ እሷ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ድምፁ ከተራራው ጀርባ ሲሰማ ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። በዚያ በደርግ ጊዜ ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ሲመጣ ገበያተኛው እህሉንም አህያውንም ጥሎ ወደ ገደሉ ሥር ነበር የሚሮጠው። ቀሚሴ ከእጇ ተነጠቀ። ዞሬ ሳያት ሰው ረግጧት አልፏል፤ በፊቷ ድንጋይ ላይ ተደፍታለች። አውሮፕላኑ አንዴ ዞሮን ሄደ። ሰዎች እየሳቁ ከገደሉ ሥር ተመለሱ። የተበተነ ሽንብራውን የሚለቅም ነበር፤ አህያውን ከሰው አህያ የሚለይ ነበር። እኔ በነጠላዬ የልጄን ደም እጠርጋለሁ።

ያኔ ሰባት ዓመት ገደማዋ ነበር።

በማግስቱ ወጌሻ አስመጣን። የተሰበረ እግር ያቀና፣ የወለቀ ትከሻ የመለሰ፣ እጁ ደህና የሚባል ሰው ነው። ቅቤ ቀብቶ በሁለት አውራ ጣቶቹ አፍንጫዋን ገፋ ገፋ አድርጎ አቀናው። እብጠቱ ሲወርድ አፍንጫዋ ቀጥ ብሎ ወጣ። እንዲያውም ከቀድሞው አማረ ያሉ ነበሩ። ኋላ ያስቸገረኝ ይኸው ነው። ጠማማ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ሰው ያምነኝ ነበር።

ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአፍንጫዋ መተንፈስ አልቻለችም። ፈትል ስፈትል ከባዘቶው ትንሽ ብናኝ ቆንጥሬ ከአፍንጫዋ ሥር እይዝላት ነበር። በቀኝ በኩል ብናኙ ዝም ይላል። በግራ በኩል ጫፉ ትንሽ ይነቃነቅና ይተዋል። ስትበላ ጎርሳ ታኝክና ትንፋሽ ሲያጥራት ማኘኳን አቁማ አፏን ትከፍታለች። አብሮን የሚኖሩት አማቴ ይህን ማየት አይወዱም። «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ገጥመሽ ብዪ፤ ሰው ምን ይላል» ይሏታል። ልትገጥም ትሞክራለች፤ ዓይኗ ይፈጣል፤ ከዚያ ምግቡን ትተወዋለች። እየከሳች ሄደች። የመንደሩ ልጆች ወናፍ ብለው ስም አወጡላት። የብረት ሠሪ ወናፍ እንደሚተነፍሰው ስለምትተነፍስ ነው። ስሙ ተስማምቷት ስለነበር እኔም አንዳንዴ ሳስባት ይመጣብኛል።

እኔ ከድሮም ፈሪ ነኝ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ከዚያ ዳሩኝ። ከመጽሐፍ የማውቀው ጥቂት ነው፤ የልጄን ትንፋሽ ግን አውቀዋለሁ። አጠገቧ ተኝቼ ሲቋረጥ እነቃለሁ፣ ሲቀጥል እተኛለሁ። ወልዳ ያሳደገች ሴት ሁሉ እንዲህ ታደርጋለች፤ ልጁ ሕፃን ሳለ ነው እንጂ። የእኔ አሥር ዓመት ሆኗትም አልተውኩም።

አማቴ የዓይን ነገር ነው አሉ። ቀጥሎ መንፈስ ነው አሉ። ጸበል ወሰድናት። በጸበል አምናለሁ፤ ያኔም አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን ያን ቀን ያየሁትን እጽፋለሁ። ጸበሉ ከቋጥኝ ላይ በአሸንዳ የሚወርድ ነው፤ ጠዋት ላይ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ተራዋ ሲደርስ ሁለት ሴቶች ክንዷን ይዘው ከሥሩ አቆሟት። ውሃው ፊቷ ላይ ሲወርድ አፏን ከፈተች፤ ሌላ መተንፈሻ የላትም። ውሃው ገባባት። መታገል ጀመረች።

«ሞትኩ» አለች።

«እሱ ነው ሞትኩ የሚለው» አለች ክንዷን የያዘችው ሴት። «ያዙት፣ ሊለቃት ነው።»

ከኋላ እልልታ ተሰማ። ሴቶቹ አጥብቀው ያዟት። መንፈሱ የሚጮኸው ሲቃጠል ነው ብለው ያምናሉ፤ ሲጮህ ደግሞ አይለቁትም። ልጄ በታገለች ቁጥር እልልታው ይበረታል። ገብቼ ከነልብሴ ውሃው ሥር ወገቧን አቅፌ አወጣኋት።

የሚያጠምቁት አባት አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ምነው፣ ሊወጣ ሲል» አሉኝ።

«አባቴ፣ ትንፋሽ አጥሯት ነው። አፍንጫዋ ዝግ ነው።»

ፊቷን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «ይህ አፍንጫ ምን ሆነ? ደህና አይደለም እንዴ?»

ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ አማቴ፣ «ከእግዜር እጅ ነጠቅሻት» አሉኝ።

ላሊበላ ክሊኒክ የነበረው ድሬሰር በባትሪ አፍንጫዋ ውስጥ አየ። አፍንጫ እንደ ሁለት ክፍል ቤት ነው አለኝ፤ መሃሉ ላይ ግድግዳ አለ። ወጌሻው ጣሪያውን አቃንቷል፤ ግድግዳው ግን ወደ ቀኝ ወድቆ በዚያው ቆሞ ደርቋል። «በእጅ አይቀናም። ተቀዶ ነው። ደሴ ነው የምትወስጃት» አለኝ። ፊቷ በምላጭ ይቀደዳል ብዬ ፈራሁና ወደ ቤቴ ይዣት ተመለስኩ። ለብዙ ጊዜም ዝም ብዬ ኖርኩ።

በኅዳር ውርጭ ጉሮሮዋ አበጠ። አፍንጫው ዝግ፣ ጉሮሮው ዝግ። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሳለ ከንፈሯ ጠቆረና አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች። አባቷ ከአውድማ ሮጦ መጥቶ አንስቶ ደረቱ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆማት፤ አገጯን ወደ ላይ ይዞ ቆየ፤ ትንፋሿ በቀጭኑ እያፏጨ ገባላት። ከዚያ በፊት በዚህ ነገር አንድም ቃል ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ «ውሰጃት። ሌላ ጊዜ ላልደርስ እችላለሁ» አለኝ።

«ምላጭ ፊቷ ላይ?» አሉ አማቴ። «ሴት ልጅ እኮ ናት።»

«እማማ፣ ከሞተች ፊቷ ምን ያደርግላታል?» አልኳቸው።

ማልቀሳቸውን ያየሁት ዞር ብለው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ነው።

አባቷ አብሮን መሄድ አልቻለም። በየኬላው ጎልማሳ ወንድ እየያዙ ለውትድርና ይወስዱ ነበር። እኔም ብሆን ያለ ይለፍ ወረቀት ከወረዳው መውጣት አልችልም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋ ሄድን።

«አፍንጫ ለማሠራት ደሴ ድረስ?» አለ። አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። «ሰው አገር ለመጠበቅ እየሞተ እናንተ አፍንጫ ታሳምራላችሁ? እስቲ ልያት። ከእኔ አፍንጫ የተሻለ ነው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ትንሽ ይጠብቁ» አልኩና ወደ ልጄ ዞሬ፣ «አፍሽን ዝጊ» አልኳት።

ገጠመችው። ሰዎቹ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ልጄ ሊቀመንበሩን እያየች ቆመች። የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ዓይኗ ውሃ ሞላ፣ ደረቷ ባዶ ለባዶ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ጨዋታው እየቀነሰ ሄደ። «በቃ፣ ክፈቺው» አለ ሊቀመንበሩ። እኔን አየችኝ። ራሴን ስነቀንቅ ከፈተችው። ማኅተሙን አተመልንና ወረቀቱን ሰጠኝ።

በኩልመስክ በኩል በእግር፣ ከዚያ ወልድያ እህል አራግፎ በሚመለስ መኪና ደሴ ገባን። አማቴ ስንነሳ በጠርሙስ ጸበል ሰጥተውኝ ነበር። «ምላጩ ከመድረሱ በፊት በባዶ ሆዷ አጠጫት፤ አንድ ኩባያ ሙሉ» ብለው አደራ አሉኝ።

ሆስፒታሉ በወታደር ተሞልቷል። የአፍንጫ ሐኪም የለም፤ ለጦሩ ተብሎ የመጣ ቀዶ ጠጋኝ ግን አለ ተባልን። ዓይኑ የቀላ፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነው። በብረት አፍንጫዋን ከፍቶ አየና፣ «እሠራታለሁ። ተኝታ ነው የምትሠራው፤ ምንም አታውቅም» አለኝ። ሴቶች የሚተኙበት ክፍል ሞልቶ ስለነበር የወታደሮቹ ክፍል ጫፍ ላይ፣ በር አጠገብ፣ አንድ አልጋ ሰጡን። እኔ ከሥሯ መሬት ላይ ነኝ።

ከእኛ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ልጅ እግር ወታደር ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ገና ሳንነሳ፣ «እናቴ፣ ትናንት ኡራል መኪና ነው ይዘሽ የመጣሽው?» አለኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ሲወጣ አደረ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ የኔ ልጅ። አፍንጫዋ ነው።»

«ኧረ ምንም አይደል። እኔ ኡራል ለምጄአለሁ። ማርሹን ስትቀይር ብቻ ነው የነቃሁት።»

ልጄ ብርድ ልብሷን ፊቷ ላይ ሳበች። ከውስጡ ስትስቅ ሰማኋት። በማንኮራፋቷ ስትስቅ ያን ቀን ገና ነው የሰማኋት። ከዚያ ወዲያ ሹፌሯ ይላት ጀመር። «ሹፌሯ፣ ዛሬ ነዳጅ ሞልተሻል?» ይላታል። ዳቦውን ያካፍላታል። ቁስሉ ሲታጠብ ፊቷን ወደ እኔ እንድታዞር ያደርጋል።

የምትሠራበት ቀን ጎህ ሲቀድ ቀሰቀስኳት። አማቴ እንዳሉት ጸበሉን በኩባያ ሞልቼ አጠጣኋት። ብዙም ሳይቆይ ነርሷ መጣች።

«ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም አይደል?»

«ምንም አልቀመሰችም፣ ሲስተር።»

«ውሃም?»

«ውሃም።»

አልዋሸሁም። በእኛ አገር ጸበል ውሃ አይባልም። ጾም ላይ ያለ ሰው ጸበል ቢጠጣ ገደፈ የሚለው የለም፤ እንዲያውም የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ልጄ ጾማ ነበር። በጋሪው ላይ አስተኝተው ሲገፏት ከጎኗ እየሄድኩ ነርሷ «ውሃም?» ያለችበት አነጋገር ግን ልቤ ውስጥ ቀረ። ለምን ሁለቴ ጠየቀችኝ እያልኩ በሩ ድረስ ሄድኩ። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ወደ ላይ እንደያዘ ቆሟል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጸበል ይቆጠራል?»

«ምን አልሽ?»

«ጸበል ጠጥታለች። ጎህ ሲቀድ። አንድ ኩባያ ነው።»

እጁን ወደ ታች አወረደ። ነርሷ ወደ እኔ ዞራ፣ «ውሃም ብዬሽ ነበር እኮ» አለችኝ።

«ተያት» አላት ሐኪሙ። ለእኔ ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ሰው በመድኃኒት ሲተኛ ሆዱ ያለው ወደ ላይ ይመጣል፣ የእሷ አፍንጫ ዝግ ነው፣ የመጣው ሳንባዋ ይገባል። «ሳትነግሪኝ ብትቀሪ እዚያ አልጋ ላይ ልትቀርብሽ ትችል ነበር። ነገ ጠዋት እሠራታለሁ። ምንም አትቅመስ፣ ጸበልም ቢሆን» አለኝ።

ጋሪውን መልሰው ገፉት። ባሏን የምታስታምም አንዲት ሴት፣ «ምነው ዝም ባትይ፤ አንዴ ገብታልሽ ነበር» አለችኝ።

ነገ የሚባለው አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ቁስለኛ የጫኑ መኪኖች በተከታታይ ገቡ። በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት አስተኙ፤ መተላለፊያው መሬቱ ላይ ሳይቀር ሰው ተኛ። ልጄን ከአልጋዋ አውርጄ ከእኔ ጋር መሬት ላይ አደረግኋት፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ያን ሳምንት ሐኪሙን ያየነው ሲያልፍ ብቻ ነው። ልብሱ ላይ ያለውን ደም እያየሁ ስለ አፍንጫ መጠየቅ አፈርኩ። ቢሆንም ባለፈ ቁጥር ልጄን አቁሜ አጠገቧ እቆም ነበር።

አንድ ቀን ቆመ። «እናት፣ ማስተኛው መድኃኒት አልቋል» አለኝ። «ለእነሱም አልበቃ። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። መንገዱ ይዘጋል የሚሉም አሉ። ነቅታ ልሠራት እችላለሁ። በመርፌ አደነዝዘዋለሁ። ሕመሙን ይቀንሰዋል፤ ሁሉንም አይወስደውም። አጥንቱ ሲነካ ይሰማታል። ከተንቀሳቀሰች አቆማለሁ፤ ሁለተኛ አልጀምርም። ወይም ይዘሻት ሂጂና ሰላም ሲሆን አምጫት።»

ሰላም ሲሆን። የኅዳሩ ጉሮሮዋ፣ የጠቆረ ከንፈሯ መጣብኝ። እሷን ጠየቅኋት። ልጅን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሳትንቀሳቀስ የምትቆየው እሷ ናት።

«ፊቴ ላይ ውሃ ያፈሳሉ?» አለችኝ።

«አያፈሱም።»

«እንግዲያ እሺ።»

ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። የሚይዝ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ነርሷ ዕቃ ታቀብላለች። በሁለት መዳፌ ጆሮና ጆሮዋን ይዤ፣ ሆዴን ከአልጋው ራስጌ አስደግፌ ቆምኩ። ዓይኗን በጨርቅ ሸፈኑት። መርፌው ሲገባ እግሯ ተገተረ እንጂ ጭንቅላቷ አልተነቃነቀም። ከዚያ በኋላ ያለውን በመዳፌ ነው የማውቀው። እኔ ከቋጥኝ በተወቀሩ አብያተ ክርስቲያናት አገር ነው ያደግሁት፤ ድንጋይ ሲጠረብ መሮ እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ። ያ ድምፅ ከልጄ ፊት ውስጥ በጣቶቼ በኩል ወደ ክንዴ መጣ። ሐኪሙ ትንሽ ይመታል፣ ያቆማል፣ ያያል፣ ደግሞ ይመታል።

ውሃ አላፈሰሱባትም። ደሟ ግን ወደ ጉሮሮዋ ይወርድ ነበር። አንድ ጊዜ አፏ ሞልቶ ትንፋሿ ቆመ። ደረቷ ሲነሳ አየሁ። እጄ ውስጥ አንገቷ ሊዞር ሲል ተሰማኝ፤ ሐኪሙም መሮውን አንስቶ ጠበቀ። አልዞረችም። ምላሷን አውጥታ ደሙን ወደ ጉንጯ አፈሰሰችው፤ ነርሷ ጠረገችላት። «ጎበዝ» አለ ሐኪሙ። እኔ የምይዛት መስሎኝ ነበር፤ ራሷን የያዘችው እሷ ናት።

አፍንጫዋን በፋሻ ጠቅጥቀው ወደ ቀድሞ አልጋዋ መለሷት። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፋ። ወታደሩ ክርኑ ላይ ተደግፎ ትንሽ አያት። «ሹፌሯ፣ ሞተሩ ወረደ?» አላት በቀስታ። አዎን ለማለት ጣቷን አንስታ አሳየችው።

ፋሻውን ያወጡላት ቀን፣ ቀስ እየተባለ ሲሳብ ከዚያች ትንሽ ፊት ውስጥ ያን ያህል ረጅም ጨርቅ መውጣቱ አስደነገጠኝ። ሐኪሙ አንዱን ቀዳዳ በጣቱ ዘግቶ፣ «ሳቢ» አላት። ግራው ገባ። ሌላውን ዘጋ። ቀኙ በከፊል ገባ። «ይህን ያህል ነው የሆነልኝ። ስታድግ መልሶ ሊጣመም ይችላል። ሁለቱም እንዲከፈት ከፈለግሽ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ቦታ ነው» አለኝ። እግሩን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዞ አነሳኝና ሄደ።

ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አፏን ገጥማ ተነፈሰች። ደግማ ተነፈሰች። ግንባሯን ቋጠረች።

«እማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ሽታ አታውቅም ነበር። ይህን አላሰብኩትም። እኔ ወደዚያ ክፍል የገባን ቀን ሸቶኝ ነበር፤ ከዚያ ለመድኩት፣ ሁላችንም ለምደነዋል።

«መድኃኒት ነው» አልኳት።

«መድኃኒት አይደለም።»

ተነሳች። እንደገና ሳበች፤ ደስ ብሏታል። በአዲሱ አፍንጫዋ ሽታውን እየተከተለች ከአልጋ ወደ አልጋ ሄደች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ እንደምጠራት ግን አጣሁ። ዞራ ዞራ ወታደሩ አልጋ ሥር፣ ከጉልበቱ በታች በተጠቀለለው በኩል ቆመች።

«እዚህ ነው» አለች።

በክፍሉ ውስጥ የሳቀ ሰው የለም። ወታደሩ አየኝ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። «አየሽ፣ ዶክተሩ በደንብ ነው የሠራሽ» አላትና ብርድ ልብሱን ወደ ታች ስቦ እግሩን ሸፈነ። ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልቀለደም።

ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ምን እንዳደረገች ገብቷታል፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልቷል። ትንሽ ቆይቶ ያንን የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ሳያት አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው። አፍንጫው ተደፈነ ብዬ ደንግጬ ጣቴን ከሥሩ ያዝኩ፤ በግራው በኩል አየር አለ፤ ክፍት ነው።

«ምነው?» አልኳት በጆሮዋ።

«በአፍንጫዬ ስስብ እንዳያየኝ» አለችኝ።

መንገዱ ተከፍቷል ተብሎ ከዚያ ክፍል እስክንወጣ ድረስ፣ ወታደሩ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ፣ ልጄ በአፏ ተነፈሰች።